ቻይናዎቹ ጀርመኖቹን የገዙ ጊዜ

ባሌ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚለው «በቃኝ» ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ ባይዞርም «በቃኝ» ይላል። እናቱ እንደዚያ ነው ያሳደጉት፤ ሰው ቤት ገብቶ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚሰድ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ስለሆነ ክፉ አልናገርም። እንግዳው «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ እሱ «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ እሷ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ትላለች፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ድስቱን ያጋምሳል። ሁለቱም ከመጀመሪያው እንደሚበላ ያውቃሉ። የባሌ ጣጣ ይህንን ከገበታ ላይ አንስቶ ሥራ ቦታ ይዞት መሄዱ ነው።

ሁለታችንም የምንሠራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ነው። የሆስፒታል አልጋ እንገጣጥማለን፤ ቁልፍ ሲጫኑት ራስጌው የሚነሳውን፣ እግርጌው የሚታጠፈውን። ሞተሩና ብረቱ ከጀርመን አገር በሣጥን ይመጣል፤ እኛ እናጋጥመዋለን፣ ተኝተን እንሞክረዋለን፣ ከዚያ ሆስፒታሎች ይወስዱታል። ተኝቶ መሞከር የሚባል ሥራ እንዳለ ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ተኝተሽ ነው የሚከፍሉሽ?» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራችልኝ። ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ የአገራችን ልጆች ነን፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ እንግሊዝኛው አንድ ላይ ይንጫጫል። ባለቤቶቹ ያኔ ጀርመኖች ነበሩ።

እኔ የጠዋት ሺፍት ነኝ፤ እሱ የማታ ነበር። ልጃችን ስትወለድ እንደዚያ ያደረግነው እሷን የሚይዝልን ሰው ስላልነበረ ነው፤ ለጊዜው ብለን። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ እዚህ አገር ሥር ይሰዳል። ጠዋት እኔ ከጎረቤቴ ጋር በእሷ መኪና እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ እሱ የእኛን መኪና ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ፓርኪንጉ ላይ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ «ልጅቷ የሳይንስ ፈተና አላት»፣ «ወተት አልቋል» እንባባላለን፣ እሱ ይገባል፣ ሌሊት ሲወጣ የሺፍት ጓደኛው ያደርሰዋል፤ እኔ ቤታችን ወዳለበት ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ እነዳለሁ። ትዳራችን በአብዛኛው ፓርኪንግ ላይ ነበር ብል አልዋሸሁም። ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለቅሶ መድረስ፣ ክርስትና፣ የታመመ መጠየቅ።

ልጃችን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የአባቷ ራት ማለት ለእሷ በፎይል ተሸፍኖ ፍሪጅ የሚገባ ሳህን ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአዘቦት ቀን ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ራት እንድንበላ። ትልቅ ቤት አላልኩም፣ ሁለተኛ መኪና አላልኩም። ራት ነው ያልኩት!

ያ ራት አንድ ጊዜ እጃችን ሊገባ ነበር። አዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው የጠዋቱ ትሬነር ጡረታ ሲወጣ፣ ጀርመናዊው ማኔጀር ባሌን ቢሮው ጠራው። ማኔጀሩ ደግ ሰው ነበር። እጁን ያልጨበጠው ሠራተኛ አልነበረም፤ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ተምሮ ከሰዓት በኋላም እንደምን አደራችሁ ይለን ነበር። «አዲስ የመጡት ሁሉ ይወዱሃል፣ ትዕግሥት አለህ፤ ትሬነር መሆን ትፈልጋለህ?» አለው። ባሌስ? «ኧረ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ» አለ። ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ። ጀርመናዊው ብድግ ብሎ እጁን ጨበጠው፣ «ግልጽ ስለሆንክልኝ አመሰግናለሁ» አለው፣ ሥራውንም ለሌላ ልጅ ሰጠው።

ፓርኪንጉ ላይ ሲነግረኝ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

«አልጠየቀህም?»

«አመሰገነኝ።»

በስመ አብ! አንጀቴ ቅጥል አለ። «ሰውዬው እኮ እናትህ አይደለም! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ፓርኪንጉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ዝም አይነቅዝም» አለኝና ገባ። ለተረት በተረት የሚመልስ ባል አይስጣችሁ። ያን ሰሞን ወተቱም ፈተናውም በቴክስት ብቻ ሆነ።

በማግሥቱ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ የምንላቸው እኔ አጠገብ የሚሠሩ የሚኒሶታ ተወላጅ አሮጊት ናቸው፤ ጡረታ እወጣለሁ እያሉ የማይወጡ። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «እኛንም እናቶቻችን እንደዚያው ነው ያሳደጉን» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ሳይለመን ኬክ የሚያነሳ ሰው ነውረኛ ነው። ምነው ሰውዬው ደግሞ ቢጠይቀው?» ወይ ጉድ፣ የአገሬ ልጅ ኖረዋል ለካ! ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሳቸውን ኬክ አራት ጊዜ ሳላስለምን አልበላም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር ጀርመኖቹ ተሸጡ።

አንድ ጠዋት ሁላችንም ሚቲንግ ተጠራን። ማኔጀሩ ዓይኑ ቀልቷል። ጀርመን ያለው ዋናው ድርጅት ከአንድ የቻይና ድርጅት ጋር «ይዋሃዳል» አለን። እማማ እጃቸውን አውጥተው «ማን ማንን ገዛ?» አሉ። «ውህደት ነው» አላቸው። «እሱስ ገብቶኛል፤ ማን ማንን ገዛ?» ሲሉት ጫማውን ማየት ጀመረ። መቼም ጋብቻ ነው ይባላል እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላው ቤት የሚገባው አንደኛው ነው፤ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ማኔጀሩ ግን አሳዘነኝ። አባቱም እዚያው ጀርመን ፋብሪካ ውስጥ እንደሠሩ አንድ ቀን አጫውቶን ነበር።

ምሳ የምንበላበት ብሬክ ሩም ያን ቀን ፓርላማ ሆነ። አዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ሲሠራ ከቻይናዎች ጋር ገልባጭ ይነዳ የነበረ ልጅ አለ፤ እሱ ሊቀ መንበር ሆነ። «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ሥራ ነው እንጂ እሑድ የሚባል ነገር አያውቁም» አለ። ሌላው ስልኩን ይዞ ያነብልናል፤ የስዊድኑን መኪና ገዝተዋል፣ የጣሊያኑን ጎማ ገዝተዋል፣ የግሪኩን ወደብ ይዘዋል፣ ጀርመን ውስጥማ ሮቦት የሚሠራውንም ሳይቀር ወስደዋል።

«ታዲያ አውሮፓ ምን ቀራት?»

«ሙዚየሙ።»

«እኛስ ምን ልንሆን ነው?»

«ምን እንሆናለን? ማሽኑን ነቅለው አገራቸው ይወስዱታል፤ እኛ ሻኮፒ መጋዘን ካርቶን እንገፋለን።»

ሻኮፒ ሲባል ሁሉም ፊቱን አጨፈገገ። ሥራው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያንን ሩቅ መንገድ በበረዶ ጠዋት ማታ መንዳት ነው ሰውን የሚያስፈራው።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። በዚያው ሰሞን ትሬነር የሆነው ልጅ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ሥራውን ለቀቀ። ቦታው ባዶ! ሮጬ ማኔጀሩ ጋ ልገባ ስል ባሌ ክንዴን ያዘኝ። ቢለቀኝም ለውጥ አልነበረውም፤ አዲሶቹ ሰዎች እስኪመጡ ማንም እንደማይሾም በኢሜይል ተነግሮን ነበር። በቃ፣ ራታችን ከጀርመን እጅ ወጥቶ ቻይና እጅ ገባ አልኩ።

ጦር ስንጠብቅ የመጣችው አንዲት ሴት ናት። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ሹራብ በሹራብ የደረበች፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙስ ከእጇ የማይለይ ኢንጂነር። ቻይናዎቹ የጀርመኑን ድርጅት ለመግዛት ድርድር ሲጀምሩ ወደዚያ ልከዋት ሁለት ዓመት ኖራለች፤ አሁን ደግሞ የእኛን ቅርንጫፍ እንድትይዝ ላኳት። ማኔጀሩ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። እኛ የእሷን ስም ለመጥራት ስንታገል፣ እሷ የእኛን ለመጥራት ስትታገል ሰነበትን።

ለእሷ አቀባበል፣ ለእሱ መሸኛ ተብሎ ምግብ አዋጡ ተባልን። ለሁለቱም ሺፍት እንዲመች ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሮብ ስለዋለ እኔ የምስር ሳምቡሳ ሠራሁ፤ እማማ ያንን ድንችና ሥጋ ደርድረው በምድጃ የሚያወጡትን የሚኒሶታ ምግብ ትሪ ሙሉ አመጡ። ሴትዮዋ ጥግ ላይ ቆማ ሙቅ ውኃዋን ትጠጣለች። ማኔጀሩ መጥቶ «ትበያለሽ?» አላት። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም» አለች። እሺ ብሎ ሄደ። ሱፐርቫይዘሮቹም እንደዚያው፤ አንዴ ጠይቀው፣ አንዴ «ኖ» ተብለው፣ ሳህናቸውን ይዘው ዞር አሉ።

እኔ ከማዶ አያታለሁ። ዓይኗ ሳምቡሳዬ ላይ ነው! እኔ የዓመቱን ግማሽ የምጾም ሰው ነኝ፤ የራበው ሰው የሰው ሳህን እንዴት እንደሚያይ ማንም አይነግረኝም። ሄድኩ።

«ብዪ እንጂ» አልኳት በእንግሊዝኛዬ።

እጇን አራገበች። «ኖ፣ ኖ፣ ለሠራተኞቹ ይሁን።»

«አንድ ብቻ።»

«አንቺ ነሽ የደከምሽው፣ አንቺ ብዪ።»

እንዴ፣ ይኼማ የማውቀው ዜማ ነው! ባሌ ከሩቅ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፤ ሚስቴ አለቃ ልታጎርስ ነው ብሎ ነፍሱ ልትወጣ ነው። እውነትም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሳምቡሳውን በናፕኪን ጠቅልዬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ጣቶቿን አጠፍኩላት። «በሞቴ» አልኳት፣ በአማርኛ፣ እንግሊዝኛው ስለጠፋኝ።

በላችው። ሌላ ስሰጣት እምቢ ብላ እሱንም በላችው። ከዚያ አፏን ጠርጋ ሳቀችና «ጀርመን አገር ስኖር ከስቼ ነበር» አለችኝ። ቢሮ ስትገባ «ቡና?» ይሏታል፤ «አይ» ትላለች፤ ይዘውት ይሄዳሉ። ቤታቸው ይጋብዟታል፤ «ይጨመር?» ይሏታል፤ «በቃኝ» ትላለች፤ ሳህኑ ይነሳል። «ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያልኩትን አምነውኝ ነው» አለች። «ማረፊያዬ እመለስና ብስኩት እበላለሁ። እናቴ ብትሰማ ታለቅስ ነበር።» አይ አበሳ! ድርጅታቸውን ልትገዛ ሄዳ ጦሟን አደረች። አንጀቴን በላችኝ፤ እቅፍ አደረግኋት። ሠራተኛ ጉዳይ፣ ኤችአር የሚሉት፣ ይጠራኝ ይሆን ብዬም አላሰብኩ።

ለማኔጀሩም ሳምቡሳ በዕቃ ሞልቼ ሰጠሁት። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። ዕቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባሌን ትክ ብሎ አየው። የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ ተወው፤ ብቻ የባሌን እጅ ከሌላ ጊዜ አስረዝሞ ጨበጠው። ደግ ሰው ነበር ብያለሁ እኮ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሥራዬ ባሌን ማሠልጠን ሆነ። ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት ፓርኪንጉ ላይ አቆመዋለሁ። «ያቺ ሴት ብትጠራህ አንድ ቃል ነው። ትሬነር ትሆናለህ ወይ?»

«እሺ።»

«ፈጠን በል!»

«እሺ!»

«ከእኔ የተሻለ ሰው አለ የሚል ነገር ከአፍህ ቢወጣ እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ እሜቴ።»

ይስቅብኛል እንጂ እሱም ልቡ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ሲሰጠኝ «ልጅቷ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ መቼ እንደደረሰ አላየሁም» አለኝና ገባ። እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጥሪው መጣ። ባሌ ገና ከመኪናው ሲወርድ ሱፐርቫይዘሩ ጠርቶ ይዞት ገባ፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ተከትዬ ገብቼ ካፖርቴን እንደለበስኩ ግድግዳው መስታወት ከሆነው ከሴትዮዋ ቢሮ ፊት ለፊት ቆምኩ። ድምፅ አይሰማም፤ ሁሉም ነገር ግን ይታያል። ሴትዮዋ ተናገረች። ባሌ ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ወይኔ ጉዴ! ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

እማማ ሊወጡ ሲሉ አይተውኝ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ምን አለ?»

«እምቢ አለ።»

«ስንተኛው ነው?»

«የመጀመሪያው።»

«ገና ነዋ እንግዲህ» አሉ።

ሴትዮዋ ብድግ አላለችም፣ እጁንም አልጨበጠችም። ፔርሙሷን ከፍታ በወረቀት ኩባያ ሙቅ ውኃ ቀዳችለት፣ ፊቱ አስቀመጠችና እንደገና ተናገረች። እሱ ደግሞ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። በሩን በርግጄ ልገባ ስል እማማ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ አሮጊት ናቸው እንጂ ጉልበታቸው የብረት ነው። ሴትዮዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችው፣ በመስታወቱ አሻግራ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ሦስተኛውን ጠየቀች። ባሌ ኩባያውን አነሳ፣ ፉት አለ። ራሱ ወደ ታች ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። እሺ ነው! ከእኔ በፊት ያጨበጨቡት እማማ ናቸው።

ሲወጣ ፊቱ ወዝቷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ስንት ቀን ሙሉ አሠልጥኜህ!»

«እሺ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አፌ ቀደመኝ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ጥሩ። አንተም ማለት ያለብህን ብለሃል፣ እኔም ማለት ያለብኝን ብያለሁ። አሁን ንገረኝ› አለችኝ።» እንባ አቅርሮ ነበር። ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ከተተና «ከሰኞ ጀምሮ አብረን ነው የምንነዳው» አለኝ። ትከሻውን መታሁት፣ ከዚያ ሳምኩት። በሰው ፊት።

ቻይናዎቹ ማሽኑን ነቅለው አልሄዱም፤ እስከ ዛሬ ማለቴ ነው። የገዛ ሰው መሸጥም ይችላል፤ ነገን እግዜር ያውቃል። እኔ የማወራው ስለዚያ ሰኞ ነው።

ከሥራ አብረን ተመለስን። የሚወደውን ቀይ ወጥ ሠራሁ። የእሱ ወንበር ላይ ለዓመታት የታጠበ ልብስ ነው የሚከመረው፤ ልጃችን ልብሱን አነሳችና የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ታቅፋው ቆመች። ሦስታችንም እንደ እንግዳ ተቀመጥን። እሱ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላታል፤ «ፋይን» ትለዋለች። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ለምጄዋለሁ። የቻይናዋን ሴት ታሪክ ጀርመን ውስጥ ከበላችው ብስኩት እስከ መስታወቱ ክፍል ድረስ አወራኋት። ሳቀች፤ አባቷን ግን ሰረቅ እያደረገች ታየዋለች።

ፊቱ ያለው ሲያልቅ ጭልፋውን አንስታ «ዳድ፣ ሞር?» አለችው።

«በቃኝ፣ የኔ እናት።»

ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው። ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ ናት፤ ሰው ኖ ካለ ኖ ነው ብለው ነው ትምህርት ቤት ያስተማሯት፤ ደግሞም ጥሩ አድርገው አስተማሯት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እሱን አየችው። ጭልፋውን እንደገና አነሳችና፣ በዚያ በምትፈራው አማርኛዋ፣ «በሞቴ፣ አባዬ» አለችው።

ከእኔ አፍ ነው የሰማችው፤ እሷ ብላው ግን አታውቅም። ባሌ ሳህኑን አስጠጋላት። «አትሙቺብኝ፣ እሺ፣ እሺ» አለ። ሦስተኛውን እንኳ ሳይጠብቅ! እሷም ለሦስት ሰው የሚበቃ አወጣችለት። ጠርጎ በላው፤ እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ እስኪጨርስ አየችው።

ኋላ ሳህን ሳጥብ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ምን ሆንክ ስለው፣ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ቀንህ ብላ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ የአገሯን ምግብ ይዛለት መጥታ ኖሯል፤ እምቢ ሲል ስትጨምርለት፣ እምቢ ሲል ስትጨምርለት ነው የዋለችው።

«ታዲያ ለልጅቷ ጠግቤያለሁ አትላትም ነበር?» አልኩት።

«አልኳት እኮ» አለኝ። «የዛሬው እውነቴን ነበር።»